የቅርብ ሰው፣ የሩቅ ክሊኒክ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ብቻውን አይታመምም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ሲጥል በሽታው የደጃፍ ወሬ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል ወንበር አውጥቶ ደጅ መቀመጥ በለመደ ከተማ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን "አንተንም ያዘህ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ የተጠየቀውም ጉልበቱን እያሻሸ "ኧረ ተወኝ አቦ" ብሎ ቢመልስ የሚያፍር የለም። ሾርባ የሚያቀብል፣ ባጃጅ ጠርቶ ድል ጮራ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ሱቅ የሚጠብቅ ሰው አይታጣም። የነከሰችው ትንኝ ናት። "የት ነበርክ? ከማን ጋር?" ብሎ የሚመረምር አይኖርም።

ኤችአይቪ ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ የድሬዳዋ ነዋሪዎች መካከል 2.5 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቶ ነበር። የሀገሪቱ አማካይ 0.9 በመቶ ነበር፤ ከተማዋን በሚያዋስነው የሶማሌ ክልል ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች። ልዩነቱን በሥነ ምግባር ለማስረዳት የሚቸኩል አይጠፋም። ነገር ግን ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከዚያም ወዲህ መንገደኛ፣ ነጋዴ፣ ወታደርና ሾፌር ያልተለያት ከተማ ናት። ቫይረሱ የሰውን ጠባይ አይመዝንም፤ ሰው የሚገናኝበትን መንገድ ይከተላል። እንዲህ ባለ ቦታ ከተማው ከገጠሩ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው።

ይበልጥ ማብራሪያ የሚፈልገው ሌላ ነው። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር፣ ለአንድ ዓይነት ቫይረስ ከተጋለጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ቶሎ ተመርምሮ፣ መድኃኒት ጀምሮ፣ ልጅ ወልዶ ሲኖር፣ ሌላው ሲከሳና ሲያስል ቆይቶ ሆስፒታል የሚደርሰው ሲዳከም ነው። በሕክምናው ዓለም ለዚህ ከሚሰጡት መልሶች ዋነኛው ማኅበራዊ ድጋፍ ነው፤ በዙሪያው ሰው ያለው ይድናል፣ የሌለው ይጎዳል። መልሱ እውነት ነው፣ ግን ይጎድለዋል። የጎደለው በደንብ የሚታየው ተመሳሳይ ፆታ በሚያፈቅሩና ሲወለዱ በተሰጣቸው ፆታ መኖር ባልቻሉ ሰዎች ሕይወት ላይ ነው። በድሬዳዋም፣ በሌላውም የኢትዮጵያ ከተማ እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ስለ እነርሱ አንባቢው ያለውን አቋም እንዲለውጥ ይህ ጽሑፍ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በሽታው እንዴት እንደሚሄድ አብረን እንድናይ ነው።

በመጀመሪያ ድጋፍ የተባለው ነገር በሽታን እንዴት እንደሚከላከል እንይ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በ276 ጤነኛ ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጠብ አድርገው ማን እንደሚታመም ተከታተሉ። ቫይረሱ ለሁሉም ደርሷል። ከትዳር፣ ከወላጅ፣ ከጎረቤት፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከእምነት ማኅበር፣ በብዙ ወገን ከሰው ጋር የተሳሰሩት ግን ጉንፋኑ የያዛቸው በጣም ባነሰ መጠን ነበር። ብቸኝነትና ጭንቀት የሰውነትን መከላከያ እንደሚያዳክሙ የሚያሳይ ጥናት ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

በኤችአይቪ ላይ ግን የድጋፍ ሥራ ከዚህም በላይ ተራና የዕለት ተዕለት ነው። ኮንዶም ምን እንደሆነና የት እንደሚገኝ የሚነግርህ ሰው ያስፈልጋል። "ተመርመር እንጂ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ" የሚል ሰው ያስፈልጋል። ውጤቱ ሲነገርህ ደንግጠህ ከክሊኒኩ ስትወጣ የምትደውልለት፣ በየቀኑ የምትውጠውን ክኒን ቤት ውስጥ የምታስቀምጥበትን ቦታ የማይጠይቅህ፣ ቀጠሮ ቀን ከሥራ ስትቀር የሚሸፍንልህ ሰው ያስፈልጋል። የዚህ ሁሉ መጨረሻ በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ መውረድ ነው። እዚያ ከተደረሰ ደግሞ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። ይህ ተስፋ ለመስጠት የሚባል ነገር እንዳይመስል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት 782 የወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ከ76 ሺህ በላይ ያለኮንዶም በተደረገ ግንኙነት ውስጥ መድኃኒቱን በትክክል ከሚወስደው አጋር ወደ ሌላው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኘም። ስለዚህ ለአንዱ የተደረገ ድጋፍ ለማያውቀውም ሰው ጥበቃ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ደጋፊው የሚደግፈውን ሰው ማወቅ አለበት።

ድሬ ላይ ድጋፍ የሚሠራው በመተዋወቅ ነው። ዕድር ከተሜ የፈጠረው ነገር ነው። ከየገጠሩ ተነቅሎ ለሥራ የመጣ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ዘመድ አጠገቡ ስለሌለ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ በወር መዋጮ ዘመድ ሆነው ተደራጁ። የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ደመወዝተኛው በሰፈርና በመሥሪያ ቤት እንዲህ ሲደራጅ፣ ሙስሊሙ ደግሞ አፎሻ በሚባለው ማኅበሩ ይረዳዳል። በዚህ ላይ የቡና ጠጪው አለ፣ የበርጫው ቡድን አለ፣ ትንሹ ትልቁን "አንተ" እያለ የሚጠራ የከተማው ልማድ አለ። (አዲስ አበቤው "አንቱታ አያውቁም" ብሎ የሚስቅበት ይህ ልማድ በእኔ ግምት የአክብሮት ጉድለት ሳይሆን የቅርበት ብዛት ነው።) በዚህ መረብ ውስጥ ያለ ሰው ሥራ ቢያጣ፣ ቢታመም፣ ቢታሰር የሚደርስለት አያጣም። ዋጋው መታየት ነው፤ ማን ከማን ቤት እንደወጣ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ዘንድሮም ሳያገባ እንደቀረ ይታወቃል።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለው ተረት የሚሠራው በሽታውን የተናገረ ሰው ከቤት ካልተባረረ ነው። ይህን ኢትዮጵያ በኤችአይቪ አይታዋለች። ቫይረሱ በሀገሪቱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 በተወሰደ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዕቃው ተለይቶ የተቀመጠበት፣ አከራይ ያስወጣው፣ በለቅሶው ላይ "በምን ሞተ" ተብሎ የተንሾካሾኩበት ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም ስለ ዕድር ታሪክና በኤችአይቪ መከላከል ስለሚኖረው ሚና እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጽፉ፣ ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር ሰው በሕይወት እያለ ለማስታመም ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው አዲስ ጥያቄ ነበር። ቀስ በቀስ ዕድሮች ለታማሚና ለወላጅ አልባ ሕፃናት መዋጮ መመደብ ጀመሩ። ከሁሉ በፊት ግን መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት ነበሩ፤ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ላይ ስማቸውንና ፊታቸውን አውጥተው "አለን" አሉ። በ1997 ዓ.ም. ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ሰዎቹ የተሰለፉት ክኒኑ ስለመጣ ብቻ አልነበረም። ተሰልፎ መታየት እንደማይገድል ያሳዩ ሰዎች ቀድመው ስለነበሩም ጭምር ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ በጅቡቲ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች ይሰጡናል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ድሬዳዋን ጨምሮ በ11 ከተሞች በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች ሩብ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ነበር። ለእነዚህ ሴቶች ማኅበረሰቡ ጥሩ ቃል የለውም። ሆኖም የጤና ሥርዓቱ ቆጠራቸው፣ በዕቅዱ ውስጥ ጻፋቸው፣ የራሳቸው ማረፊያና ክሊኒክ ያላቸው ማዕከላት ተከፈቱላቸው፤ ከእነርሱው መካከል የሠለጠኑ ሴቶች ማታ ማታ ወጥተው ለጓደኞቻቸው ኮንዶም እያከፋፈሉ ለምርመራ ይዘዋቸው መጡ። ይህ አቻ ለአቻ የሚባለው አሠራር የተዋጣው በሥልጠናው ርዝመት አይመስለኝም። ያቺ ሠራተኛ የምታነጋግራት ሴት "ምን ሠርተሽ ነው" ተብላ ስለማትጠየቅ ነው፤ ጠያቂዋ ታውቀዋለቻ! መንግሥት ይህን ሲያደርግ የወሲብ ንግዱን መረቀ ያለ ሰው የለም። ቫይረሱን ለመያዝ ሲል ሰዎቹ ወዳሉበት ሄደ፣ በቃ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምሳሌ እንምጣ።

በሀገሪቱ የኤችአይቪ ዕቅዶች ልዩ ትኩረት የሚሹ ተብለው የሚዘረዘሩ አሉ፤ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ ታራሚዎች፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮች፣ ባል የሞተባቸውና የተፋቱ ሴቶች ወዘተ። ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች በዝርዝሩ የሉም፤ በተወለዱበት ፆታ የማይኖሩትም የሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በወንጀልነት ያስቀምጠዋል፣ በእስራትም ያስቀጣል። በዓለም ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት መሠረት ከአዋቂዎች በአማካይ 1 በመቶ እንኳ የማይሞሉት ቫይረሱ ሲኖርባቸው፣ ከወንድ ጋር በሚተኙ ወንዶች ዘንድ ቁጥሩ ከ7 በመቶ በላይ፣ ፆታቸውን በቀየሩ ሰዎች ዘንድ ከ9 በመቶ በላይ ነው። የዚህ ከፊሉ ምክንያት የሰውነት ጉዳይ ነው። በፊንጢጣ በሚደረግ ግንኙነት ተቀባዩ ወገን ቫይረሱ ካለበት ሰው በአንድ ጊዜ የመያዝ ዕድሉ ከ10 ሺህ ውስጥ 138 ያህል ሲገመት፣ በብልት ለምትቀበል ሴት 8 ያህል ነው። የቀረው ምክንያት ግን ሰው ሠራሽ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ በአዲስ አበባ ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ጽሑፎች አሳትሟል። ከዚያ ሥራ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ካነጋገራቸው መካከል ቫይረሱ በወንድና በሴት መካከል እንጂ በወንድና በወንድ መካከል አይተላለፍም፣ ወይም ብዙም አያሰጋም ብለው የሚያምኑ ነበሩ። እንዴት እንደዚህ ሊያስቡ ቻሉ ማለት ቀላል ነው። ግን ለዓመታት በሬዲዮ፣ በፖስተር፣ በቀበሌ ስብሰባ የሰሙት ሁሉ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ወጣት ወንድና ስለ ወጣት ሴት ነበር። ስለ እነርሱ አንድም ቃል አልተነገረም። አለመነገሩን "አይመለከትህም" ብለው ተረጎሙት። ከአሥራ ሰባት እጥፍ በላይ የሚበልጠው አደጋ ከነጭራሹ እንደሌለ ታየ። የመረጃ ድጋፍ ሲጎድል እንዲህ ነው፤ ሰው የሚሞተው ሳያውቅ ብቻ ሳይሆን ደኅና ነኝ ብሎ ነው።

ዝም ማለቱ በድንገት የመጣ አይደለም። በኅዳር 2004 ዓ.ም. ትልቁ የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ከዋናው ጉባኤ በፊት ስለ እነዚህ ወንዶች ጤና ሊመክር የታሰበ ስብሰባ የሃይማኖት መሪዎች ተቃውሞ ገጠመው፤ ስብሰባው የተካሄደው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ነበር። ስለ በሽታ ለመነጋገር የዲፕሎማቶች አጥር አስፈለገ ማለት ነው።

ነገሩን ድሬ ላይ አውርደን እንየው። አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት እናስብ፤ በሐሳብ የተሠራ ሰው ነው፣ ማንንም አይወክልም። ሳቢያን ሰፈር ከእናቱና ከእህቶቹ ጋር ይኖራል፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር በርጫ ላይ ይቀመጣል። እናቱ የዕድር አባል ናቸው። መጠይቅ የያዘ ተመራማሪ መጥቶ "ብትታመም የሚያስታምምህ፣ ገንዘብ ብትፈልግ የሚያበድርህ፣ ሲከፋህ የምታወራው ሰው አለህ?" ቢለው ሦስቱንም "አለኝ" ይላል፣ አልዋሸም። በወረቀቱ ላይ ከፍተኛ ድጋፍ ያለው ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ይህ ወጣት ከወንድ ጋር ግንኙነት ነበረው እንበል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ያዘው። እናቱ ወባ ነው ብለው ያስባሉ፤ ድሬ ላይ ይህም ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ካርድ ክፍል የምትሠራዋ የእህቱ ጓደኛ ናት። መርማሪው የሚጠይቀው "የሴት ጓደኛ አለህ?" ብሎ ነው እንጂ "ግንኙነትህ ከሴት ነው ከወንድ?" ብሎ አይደለም። "አለችኝ" ይላል፤ ምን ይበል? ምናልባት ምርመራው ተደርጎ ቫይረሱ ተገኘበት። አሁን በጤና ሥርዓቱ ዘንድ ጥሩ የሚባለው አሠራር ይጀምራል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የግንኙነት አጋሮቹን ስም ይሰጣል፣ እነርሱም ተጠርተው ይመረመራሉ። ነገሩ የማይመለከታትን የአንዲት ልጅ ስም ይሰጣል ወይም "አላስታውስም" ይላል። ጤና ባለሙያው ያቺን ልጅ ፍለጋ ይሄዳል። ቫይረሱ በትክክል የሄደበት መንገድ፣ ማለትም ሁለተኛው ወንድና ምናልባትም የእርሱ ሚስት፣ በመዝገቡ ላይ የለም። በሀገር ደረጃ ቁጥር ሲጠናቀርም ይህ ወጣት "በተቃራኒ ፆታ ግንኙነት የተያዘ" ሆኖ ይደመራል፤ ከዚያም ቁጥሩ ተጠቅሶ "እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ችግር የለም" ይባላል።

እንግዲህ ይህ ሰው ድጋፍ ጎደለው እንላለን? በዙሪያው ያለው ሰው ብዛት አልጎደለም። የጎደለው እርሱን ካወቁት በኋላም የሚዘልቅ ድጋፍ ነው። እናቱ፣ እህቶቹ፣ የበርጫ ጓደኞቹ ያላቸው ፍቅር እውነተኛ ነው፤ ያ ፍቅር የተሰጠው ግን እርሱ ላይሆን ለሚችል ሰው ነው። ስለዚህ ቅርበቱ በጨመረ ቁጥር የሚያጣው ነገር ይበዛል፣ የሚያጣው በበዛ ቁጥር ከክሊኒኩ ይርቃል። ለሌላው ሰው "ቤተሰብ አለው" የሚለው የመዳን ምልክት ሲሆን ለእርሱ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ይህን የማይለይ መለኪያ ይዞ "ማኅበራዊ ድጋፍ በሽታን ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም?" ብሎ መጠየቅ የሚያሳስት መልስ ያመጣል። አሜሪካዊው ኢላን ማየር እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ አናሳ ቡድኖች ጭንቀት ሲጽፍ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ለዚህ ይቀርባል፤ መደበቅ ራሱ ዕለት ዕለት የሚጎዳ ሸክም ነው፣ ሸክሙን የሚያቀልለው ደግሞ ተመሳሳይ ሸክም የተሸከመ ሰው ነው።

በድብቅ መኖር የማይችሉት ደግሞ አሉ። ድምፃቸው፣ አካሄዳቸው፣ አለባበሳቸው የሚናገርባቸው፣ በተለይ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ፣ ብዙውን ጊዜ ከቤት የሚወጡት ገና በለጋ ዕድሜ ነው። ለእነርሱ ጥያቄው ምሥጢሩ ይወጣል አይወጣም አይደለም፣ ዛሬ ማታ የት ያድራሉ ነው። በአንድ ጠባብ ክፍል ብዙ ሆኖ ማደር ሳንባ ነቀርሳን ያመጣል፤ ለመኝታና ለምግብ ሲባል የሚደረግ ግንኙነት ኮንዶም ለማስገደድ አቅም አይሰጥም፤ የተደበደበ ሰው ፖሊስ ጋ ቢሄድ ተከሳሹ ራሱ ሊሆን ይችላል። መታወቂያው ላይ ያለው ፆታና ወረፋው ላይ የቆመው ሰው አልገጥም ሲል ካርድ ማውጣት እንኳ ጣጣ ነው።

ቅርቡ ሲያስፈራ ሰው ወደ ሩቅ ይሄዳል። ይህ በኤችአይቪ ሕሙማን ዘንድ የታወቀ ነው፤ በየከተማው የሰፈሩን ጤና ጣቢያ ትቶ ማንም በማያውቀው ከተማ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። ለድሬው ሰው ይህ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር መሄድ ማለት ነው። የብልቃጡን ወረቀት የሚልጥ፣ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ጥጥ የሚጨምር ወይም ወደ ሌላ ዕቃ የሚገለብጥ አለ። በብልቃጥ ውስጥ የሚንኳኳ ክኒን በጋራ ግቢ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰማ ያልደረሰበት አያውቀውም። ታክሲ ሲጠፋ፣ ገንዘብ ሲያጥር፣ ቀጠሮው ያልፋል። ሌላው ሩቅ ስልክ ነው። ተመሳሳይ ሕይወት ያለው ሰው የሚገኘው በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ነው፤ መረጃውም ምክሩም ከዚያ ይመጣል፣ ጓደኛ መስሎ ቀርቦ ፎቶ ይዞ ገንዘብ የሚጠይቀውም ከዚያ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ጥቃት ሲቀሰቀስ፣ በውጭ ሀገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ያቋቋሙት ቤተ ጉራማይሌ የተባለ ድርጅት ቲክቶክ ይህን እንዲያስቆም ጠይቆ ነበር። በዚያው ነሐሴ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰዱ መሆኑን አስታውቀው ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቁ። ከእንዲህ ዓይነቱ ሳምንት በኋላ ማን ነው ጤና ጣቢያ ገብቶ እውነቱን የሚናገረው?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተለክቷል። በሴኔጋል ዳካር ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በኤችአይቪ መከላከል የሚሠሩ ዘጠኝ ሰዎች ተይዘው በጥር ወር የስምንት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በሚያዝያ በይግባኝ ተፈቱ። በእነዚያ ወራት አገልግሎት ሰጪዎቹ ሥራ አቋረጡ፣ ተገልጋዮቹም ተደበቁ። በናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ላይ አዲስ ሕግ ሲፈረም አቡጃ ውስጥ አስቀድሞ ክትትል ላይ የነበሩ ወንዶች ነበሩና ከሕጉ በፊትና በኋላ ያለውን ማነጻጸር ተቻለ። ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚፈሩት ቁጥር ከሕጉ መጽደቅ በኋላ ጨመረ። ቫይረሱ ግን ሕጉን አንብቦ አልቆመም።

በሌላ በኩል ድጋፍ ሁሉ መልካም ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እርስ በእርስ ብቻ የሚተዋወቅ ጠባብ ቡድን ውስጥ ፍቅረኛውም የቀድሞ ፍቅረኛውም ያው ሰው ይሆናል፤ አንድ ቫይረስ ከገባ ቶሎ ይዞራል። የተሳሳተ እምነትም እንዲሁ በወዳጅ አፍ ሲነገር ይታመናል። ጌትነት ያነጋገራቸው ወንዶች "አይተላለፍም" የሚለውን ከጠላት አልሰሙትም። ግን ይኸው ጠባብ መረብ ትክክለኛ መረጃ ሲገባበት ምን ያህል እንደሚፈጥን እ.ኤ.አ. በ2022 ታይቷል። ኤምፖክስ በአውሮፓና በአሜሪካ በአብዛኛው ከወንድ ጋር በሚተኙ ወንዶች መካከል ሲሰራጭ ማኅበራቱና ክሊኒኮቹ በግልጽ ቋንቋ ተናገሩ፣ ወንዶቹም ለክትባት ተሰለፉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በአሜሪካ ከተጠየቁት ወንዶች ግማሽ ያህሉ የግንኙነት አጋሮቻቸውን ቁጥር መቀነሳቸውን ተናገሩ። ወረርሽኙ በወራት ውስጥ ቀነሰ። ማንም ማንንም ማሳደድ አላስፈለገውም፤ የሚያምኑት ሰው ነገራቸው። ኤምፖክስ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥም ተገኝቷል፤ መጀመሪያ የታየው ሞያሌ ውስጥ በአንድ ጨቅላ ሕፃን ላይ ነው። አንድን በሽታ የአንድ ወገን ሰዎች ብቻ አድርጎ ማየት እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሕጉ ነገ ይለወጣል ብዬ አልጠብቅም። ሕጉ ሳይነካ ሊደረግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። ጤንነቱ ለተረጋጋ ሰው መድኃኒትን በስድስት ወር አንዴ መስጠት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ተለምዷል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ መታየት ማለት ነው። ራስን በራስ መመርመሪያ አለ፤ ቤት ተዘግቶ የሚደረግ ምርመራ በካርድ ክፍሏ የእህት ጓደኛ በኩል አያልፍም። መርማሪው "የሴት ጓደኛ አለህ?" የሚለውን ትቶ "አጋሮችህ እነማን ናቸው?" ቢል ምንም ሕግ አይጥስም። የጤና ትምህርቱ "በማንኛውም ዓይነት ግንኙነት፣ በፊንጢጣም ቢሆን ይተላለፋል" ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ለብዙ ባለትዳር ሴትም ይጠቅማል፤ ይህ ግንኙነት የወንዶች ብቻ አይደለምና። የታካሚን ምሥጢር መጠበቅ ደግሞ የሕክምና ሙያ ጥንታዊ ግዴታ ነው፣ ለማን ይገባዋል ተብሎ የሚመረጥበት አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ክኒኑ በአብዛኛው ቀጠለ። ከሥራ ከወጡት መካከል ግን በየፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት (ኤአርቲ) ክፍሉ ታማሚውን በስሙ የሚያውቁት፣ ቀጠሮ ሲያልፍ የሚደውሉት፣ ጥግ ወስደው "ምን ሆነህ ነው?" የሚሉት ሰዎች ነበሩበት። ቤተሰብ ያለው ታማሚ ይህን ክፍተት በእናቱ ወይም በሚስቱ ይሞላዋል። ለዚያ በሐሳብ ላቆምነው የሳቢያን ወጣት ግን ሙሉ ታሪኩን ሊሰማ የሚችለው ብቸኛ ሰው ምናልባት ያ ደመወዙ የተቋረጠ የክሊኒክ ሠራተኛ ነበር።